አይጥ የበሳው ቧንቧ

ቧንቧውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚያ ቤት የደረሰብን ፍርሃት ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ደፍሬ ያልተናገርኩትም እሱን ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ቆላ የወረድኩት በመምህርነት ተመድቤ ነበር። ከሸሕዲ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ሁለት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ የአካባቢውን ሰው አገባሁና እናቱ ወዳሉበት ቤት ገባሁ። አማቴ ከደጋ የወረዱት በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ነው። ባላቸውን ወባ ገድሎባቸው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ነገር የማያበዙ፣ ጾም የማይስቱ ሴት ነበሩ። እኔን አልጠሉኝም። ግን የሆነ ነገር ስሳሳት ሳይቆጡ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ያንን አስተያየት ከቁጣ አብልጬ እፈራው ነበር።

ቤቱ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። በተርታ ሦስት ክፍል አለው፤ መኝታ ቤቱ፣ መሀል ላይ እህል የሚከማችበት መጋዘን፣ ከሱ ቀጥሎ ማድ ቤቱ። ውሃ ከጉድጓድ በባልዲ እየሳብን ነበር የምንጠጣው። ሰሊጡ ደኅና ዋጋ ባወጣበት ዓመት ባለቤቴ ጉድጓዱ ላይ ሞተር አስገጠመ፤ ብረት አቁሞ ሮቶ የሚባለውን የውሃ ታንከር ሰቀለበት፤ ከሮቶው ወደ ማድ ቤቱና ወደ ግቢው ውሃ እንዲዘረጉልን ከሸሕዲ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣ።

ሠራተኛው ጎጃም ተወልደው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ከከረጢታቸው ሦስት ቁራጭ አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩ። አንዱ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ አንዱ ነጭ ፕላስቲክ፤ አንዱ ብረት።

«የምትመርጡ እናንተ ናችሁ» አሉ። «እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለቤት ውስጥ ብረቱን ነው የምላችሁ። ጥቁሩ መሬት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ከተቀበረ ክፋት የለውም። ግድግዳ ላይ ግን አይሆንም። እህል ያለበት ቤት አይጥ አለበት። በበጋ ደግሞ ከደጅ አንዲት ጠብታ አያገኝም፤ ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲሄድ ይሰማዋል። ጥርሱም እስኪሞት ድረስ ማደጉን አይተውም፤ የሚፍቅበት ይፈልጋል። ፕላስቲክ ለሱ ሸንኮራ ማለት ነው።»

እኔ ግን ልቤ አስቀድሞ ነጩ ላይ ነበር። ጎንደር አንዲት ዘመዴ ቤት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ አይቼዋለሁ፤ ከግድግዳው የሚወጣው የቧንቧው አፍ ብቻ ነው፤ ሌላው አይታይም። ስመደብ መጀመሪያ ሸሕዲ ተከራይቼ በነበርኩበት ቤት ደግሞ የብረቱ ቧንቧ ዝጎ ጠዋት ጠዋት የጡብ ቀለም ያለው ውሃ ነበር የምንቀዳው።

«የዚህ አገር ውሃ እኮ ጨዋማ ነው፤ ብረት ይበላል» አልኩ። «በዓመቱ ዝገት ልንጠጣ ነው። ነጩ ይሁን፤ በጭቃው ውስጥ ይቀበር፤ በላዩም ይለሰን። አይጥ በየት ያገኘዋል?»

«መምህርት፣ ግድግዳ ውስጥ የገባ ነገር ሲበላሽ አይታይም» አሉኝ ሰውዬው።

አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ሰውዬው ያሉት ይሻላል፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ይኸን አገር አውቀዋለሁ። እዚህ አይጡ የተኛ ሰው ተረከዝ እፍ እያለ ይበላል።»

ባለቤቴ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን አየ። «እሷ የተማረች ናት» አለ በመጨረሻ። «ማድ ቤቱም የሷ ነው። የመረጠችው ይሁን።»

ነጩ ሆነ። ከሮቶው ወርዶ በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ በጭቃው ውስጥ አልፎ ማድ ቤት ወጣ። አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ዝቅ ብሎ ለሠራተኞችና ለከብት ወደ ግቢው ሄደ። የመጀመሪያው ቀን ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ ቧንቧውን ስከፍት ውሃው ንጹሕና ለብ ያለ ሆኖ ወረደ። አማቴም ቀምሰው «ጥሩ ነው» አሉ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዓመት ያህል ሰላም ነበር። ሴት ልጄን ወለድኩ። አዝመራው ተሰብስቦ መጋዘኑ ሲሞላ፣ እርሻው ላይ የከረመው አይጥ ሁሉ ወደ ቤት ገባ። ቆላ በጥርና በየካቲት ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ ከብቱም ዝም ይላል። እኔ ልጄን አጥብቼ መደብ ላይ ስጋደም ድምፁን የሰማሁት በዚያ ሰዓት ነው። ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ። ከእህሉ በኩል መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ግን ድምፁ ከጭቃው ውስጥ ነው። እጄን አንሥቼ ግድግዳውን ስመታ ቆመ። ዝም ብዬ ስጠብቅ እንደገና ጀመረ፤ ይኸኛው ግን ወደ እኔ የቀረበ መሰለኝ። ልጄን አንሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ መጋዘን ውስጥ ማሽላ ልሰፍር ስገባ፣ በማድ ቤቱ በኩል ባለው ጥግ የግድግዳው ሥር ጠቁሮ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ርጥብ ነው። ጣቴ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወጥቼ «ቧንቧው ተበሳ» ማለት ነበረብኝ። አማቴ ግን በሩ ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ ይነፉ ነበር፤ ሲያዩኝ ታሰበኝ። ምንም እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ዝም ብለው ብቻ ያዩኛል። አንድ ባዶ ጆንያ አንሥቼ በጠቆረው ቦታ ላይ አስደገፍኩት፤ በላዩም ሌላ ጆንያ ጨመርኩበት። ባለቤቴ ሲመጣ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሲመጣ ደክሞታል፤ በማግስቱ ረሳሁ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቀኑ አለፈና መናገሩ ከበፊቱ ከበደኝ። እንዲህ እያልኩ ወር ሆነው። በየቀኑ ሹልክ ብዬ እገባና ጆንያውን ገልጬ አያለሁ፤ ርጥበቱ በየቀኑ ትንሽ ይሰፋል።

እባቡ የመጣው በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ልጄ ገና ዳዴ ትል ነበር። በመጋዘኑ ደፍ ላይ ሰሌን አንጥፈንላት በባዶ ጣሳ ትጫወታለች፤ አማቴ ከጎኗ ናቸው፤ እኔ ማድ ቤት ነኝ። «በስመ ሥላሴ!» ሲሉ ሰምቼ ስሮጥ ልጄን በአንድ ክንዷ ወደ ላይ አንጠልጥለዋታል። ክንድ ከስንዝር የሚሆን ጥቁር እባብ፣ ልጄ ከተቀመጠችበት ሰሌን አጠገብ፣ በግድግዳው ሥር እየተሳበ ሄዶ ከጆንያዎቼ ጀርባ ገባ። ጅራቱ ሲጠፋ አየሁት። ያን ጊዜ ልጄ ጣሳዋ ወድቆባት እያለቀሰች ነበር።

ባለቤቴ ከእርሻ ተጠርቶ መጣ፤ በዱላ ጆንያውን ነካ ነካ አደረገ፤ ምንም አልወጣም። እኔ ከኋላው ቆሜ የፈራሁት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ እባቡ እንዳይወጣ ነው፤ ሌላው ርጥበቱ እንዳይታይ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ ጨለማ ነው። አልታየውም።

«እባቡ የመጣው አይጡን ብሎ ነው» አሉ አማቴ። «አይጡ ካልጠፋ እባቡ አይጠፋም። ይቺ ልጅ መሬት ላይ እየተሳበች ዝም ብለን አንቀመጥም።»

በማግስቱ ባለቤቴ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቶ መጣ። ከድንበሩ ማዶ የሚመጣ፣ በላዩ ዐረብኛ የተጻፈበት ትንሽ ከረጢት ነው። ውስጡ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ሲከፈት እንደ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አማቴ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ክክ ባለበት የማሽላ ዱቄትና በሰሊጥ ዘይት አሹት፤ እንደ ሽምብራ አድበለበሉት። እኔ ልጄን ታቅፌ ከሩቅ አያለሁ።

«ከጆንያው ጀርባ ነው የሚበዙት፣ አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኩ። «ጆንያውን ግን አያንሡት፤ እባቡ እዚያ ነው የገባው።»

እውነት ነው፣ እባቡ እዚያ ነበር። እንዲህ ያልኩት ግን ስለ እባቡ ብቻ አልነበረም። እሳቸውም ምክሬን ሰምተው የመርዙን ድብልብል በረጅም ዘንግ እየገፉ ከጆንያው ጀርባ፣ ከርጥቡ ጭቃ ላይ አኖሩት። መርዝ ከቧንቧው ቀዳዳ አጠገብ ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ቢሆን ከቧንቧ ውሃ ይወጣል እንጂ ወደ ቧንቧ የሚገባ ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ የጉድጓዱ ሞተር ቆመ። ባለቤቴ ፈቶ ሸሕዲ ይዞት ሄደ። ሮቶው ውስጥ የቀረችውን ውሃ ሠራተኞች በግቢው ቧንቧ ጨርሰው ቀዱ፤ ቧንቧውንም ክፍቱን ተዉት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ሞተሩን አሠርቶ መጥቶ ገጠመ፤ የግቢውን ቧንቧ ዘግቶ ሮቶውን ሞላ፤ ከዚያም ትራክተሩን አስነሥቶ ምንጣሮ ላይ ወዳሉት ሠራተኞች ሄደ።

ማድ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። አስነጠሰው፣ ሳል ሳለ፤ ደፍረስ ያለ ውሃ ወረደ፤ ከዚያ ጠራ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ጆጉን ሞላሁ። ልጄ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች፤ በትንሹ ኩባያ አጠጣኋት። በሙቀቱ ተጠምታ ስለነበረች ሁሉንም ጨለጠችው። እኔም ጠጣሁ። ጣዕሙ ትንሽ ለየት አለብኝ፤ አዲስ የገባ ውሃ ነው ብዬ ነገሬ አላልኩትም።

ሁለተኛ ልጠጣ ስቀዳ ኩባያው ሥር ላይ ቀላ ያለ ነገር ተንከባለለ። የማሽላ ክክ ነው። በጣቴ አውጥቼ አየሁት፤ በዙሪያው ጥቁር ነገር ተጣብቆበታል። አሸተትኩት። ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

ኩባያውን ጣልኩ። ከዚያ የግድግዳውን ጀርባ ልይ ብዬ በጓሮ ዞሬ ሮጥኩ፤ ከመጋዘኑ ግድግዳ በስተውጭ፣ ውሃው በግድግዳው ሥር ሾልኮ ያን ጠዋት ትንሽ ኩሬ ከሠራበት ቦታ ሁለት ዶሮዎቻችን ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል።

«እማማ!» ብዬ ጮኽኩ። «እማማ፣ መርዙ ውሃው ውስጥ ገብቷል!»

አማቴ ከዛፉ ጥላ ሥር ተነሥተው መጡ። ወደ ማድ ቤት ተመልሼ ልጄን ከመሬት አንሥቼ አፏን እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ እዘጋለሁ። «ጠጥታለች?» አሉኝ። «ጠጥታለች። እኔም ጠጥቻለሁ» አልኩ። ቀጥዬም፣ «እርስዎስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ምን እጠጣለሁ?»

ዐቢይ ጾም እንደነበረ፣ እሳቸውም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኳቸው፦

«አዎ፣ እርስዎ አልጠጡም። መርዙን ያስቀመጡት እርስዎ፤ ያልጠጡትም እርስዎ።»

አማቴ ፊታቸው ላይ አመድ የተነሰነሰ መሰለ። ከዚያ ልጄን ከእጄ ወሰዱ፤ በነጠላቸው ጀርባቸው ላይ አዝለው አሰሩና ወደ ቤት ብቅ ብለው ወጥተው ወደ እርሻው መሮጥ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የታጨደው የማሽላ አገዳ ጉቶ እግራችንን ይወጋል። የልጄ ራስ በጀርባቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እኔ ያንን ራስ ብቻ እያየሁ እሮጣለሁ። እያንቀላፋች ነው? ወይስ…? «ልጄ!» እላለሁ። ዞር ብላ ታየኛለች። ትንሽ እንሄድና እንደገና «ልጄ!» እላለሁ።

ባለቤቴ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ከሩቅ አየን፤ አቁሞ ወረደ። የሆነውን በሁለት ቃል ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ተሳቢው ላይ ወጣን፤ ወደ ሸሕዲ ነዳ። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤ ትራክተር የቱንም ያህል ቢቸኩል ትራክተር ነው። ያ መንገድ አላልቅ አለ። ሆዴ ማቃጠል ጀመረ። መርዙ ነው ወይስ ፍርሃቱ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ግማሽ መንገድ ላይ ልጄ አስመለሳት። ያስመለሳት ነገር ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ አቧራና ናፍጣ እንጂ ሌላ አልሸተተኝም። አማቴ ከተሳቢው ጥግ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዓይናችን አልተገናኘም።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ጤና መኮንኑ መጀመሪያ የጠየቀን፣ «ምን ዓይነት መርዝ ነው? ከረጢቱ አለ?» ብሎ ነው። እኔ አላመጣሁም፤ አላሰብኩትምም። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ያንን ዐረብኛ የተጻፈበትን ከረጢት አውጥተው ሰጡት። ልጄን ከእጄ ሲወስዱ፣ እኔ በነገር ስወጋቸው፣ እሳቸው ያንን አስበዋል።

ከፍቶ አሸተተው፤ ፊቱን ቋጠረ። «ምን ያህል ነው የጠጣችው?»

«አንድ ትንሽ ኩባያ።»

«በውሃው ውስጥ ምን ያህል መርዝ ነበረበት?»

«አላውቅም።»

«ማንም አያውቅም» አለ፤ እንደ ቁጣ አይደለም፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ነው። ልጄን አስተኝቶ ጉሉኮስ ሰካላት፤ ለእኔም ከጎኗ አልጋ ሰጠኝ። «ብዙ ከሆነ በነዚህ ሰዓታት ነው የሚታየው። አተነፋፈሷን እያየን እንጠብቃለን። ሌላ የማደርገው ነገር ቢኖር እነግራችሁ ነበር።»

ጠበቅን። ልጄ ተኛች። ሕፃን ሲተኛ እንዴት እንደሚተነፍስ ከወለድኳት ጀምሮ በየቀኑ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ጭራሽ የማላውቀው ነገር ሆነብኝ። ደረቷ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ አንዳንዴ ይቆያል። በሚቆይበት ጊዜ እኔም እቆያለሁ። እነቀንቃታለሁ፤ ትነጫነጫለች፤ ትተኛለች። ጤና መኮንኑ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ተያት፣ ትረፍ» አለኝ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለ። ባለቤቴ አልጋው ግርጌ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በጣቱ ይጭራል። አማቴ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ወንበር ሲያመጡላቸው «ደኅና ነኝ» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዐሥራ አንድ ሆነ። ባለቤቴ ዳቦና ሻይ አምጥቶ «እናቴ፣ ሰዓቱ አልፏል እኮ፤ ቅመሺ» አላቸው። እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። እንደዚያው እንደ ቆሙ ነጋ።

ልጄ ስትነቃ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። ዓይኗን ገልጣ ዙሪያውን አየች፤ አባቷን አየችና «ውሃ» አለች።

ከሦስታችን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ውሃ የሚለው ቃል ራሱ አስደነገጠን። ጤና መኮንኑ ነው ሳቅ ብሎ በራሱ ብርጭቆ ያመጣላት። ስትጠጣ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናያታለን። «እንግዲህ እስካሁን የቆየች ልጅ ትቆያለች» አለን። ያን ጊዜ ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛውን አብሮ አመጣቸው። መጋዘኑ ውስጥ ፋኖስ አብርተን ጆንያዎቹን በዘንግ አነሣን፤ ሰውዬው በመዶሻና በመሮ ግድግዳውን ይፈለፍሉ ጀመር። ጭቃው እንደ ገንፎ ነው። በውስጡ ከሰሊጥ አገዳና ከጆንያ ክር የተሠራ የአይጥ ጎጆ አለ፤ ሞተው ያበጡ አይጦች አሉ፤ ከነሱ ጋር ተጠምጥሞ እባቡ የጣለው ቆዳ አለ። ባለቤቴ እንደዚያ ደፋር ሰው ሆኖ ወደ ኋላ ሄደ። ቧንቧው ሲገለጥ ቀዳዳው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። በዙሪያው ሞረድ የበላው ይመስል ተፍቋል። የመርዙ ድብልብል ሟሙቶ ከቀዳዳው አፍ ላይ ተለጥፏል።

«ሮቶው ሙሉ ሲሆን ውሃው በቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል» አሉ ሠራተኛው። «ሮቶው ሲያልቅ፣ የታችኛው ቧንቧ ደግሞ ሲከፈት፣ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደዚያ ይወርዳል፤ በቀዳዳው በኩል ያገኘውን ሁሉ ስቦ ያስገባል። ከዚያ እንደገና ስትሞሉት ወደ ማድ ቤት ይዞላችሁ መጣ።» ጭቃውን በእጃቸው ጨበጥ አድርገው አዩት። «ይኸ ግድግዳ ግን ከረጠበ ወር አልፎታል። አንድም ሰው አላየም?»

«ማን ያየዋል፣ በዚህ ጨለማ?» አለ ባለቤቴ።

ያን ጊዜ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እንዴት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ ፋኖሱን ወደ ፊቴ አዞረ። «ምን?»

«አይቼዋለሁ። ጆንያውን ያደረግሁበት እኔ ነኝ።»

ፋኖሱን መሬት አስቀምጦ ወጣ። ሠራተኛውም መሣሪያ እንደሚፈልግ ሰው ሆነው ተከትለውት ወጡ። አማቴና እኔ ብቻ ቀረን።

«ለምን፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እርስዎን ፈርቼ።»

«እኔን?» ዓይናቸውን አነሡ። «እኔ ምን አድርጌሽ አውቃለሁ?»

ምንም አድርገውኝ አያውቁም። መሬት ላይ ወድቄ እግራቸውን ያዝኩ፤ ስለ ጆንያው ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ስለተናገርኩት ቃል። ክንዴን ይዘው አነሡኝ፤ ግን «ይቅር» አላሉኝም። «መጀመሪያ ይኸ ግድግዳ ይደፈን» አሉ።

በዚያ ሳምንት ሥራው እንደ አዲስ ተሠራ። ሠራተኛው የትኛው ቧንቧ ይሁን ብለው ሲጠይቁ የመረጡት አማቴ ናቸው። ከሮቶው እስከ ቤቱ ጥቁሩ ላስቲክ እስከ ጉልበት በሚደርስ ጉድጓድ ተቀበረ። ወደ ቤት ከሚገባበት ጀምሮ ብረት ሆነ፤ ግድግዳ ውስጥ ሳይሆን ከላዩ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ በብረት ማሰሪያ ተያዘ። ግድግዳውን የሚያልፍበት ቀዳዳ በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ወደ ማድ ቤት በሚገነጠለው መስመር ላይም ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ገባ። ብረቱን ሲያጠብቁ እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ አማቴ ሌላውን። «ይዝጋል፤ አንቺ ያልሽው እውነት ነው» አሉኝ ሠራተኛው። «የዛገው ቦታ ሲታያችሁ ያንኑ ቆርጣችሁ ትለውጣላችሁ።» መርዝ ዳግመኛ ቤታችን አልገባም፤ እህሉን በርሜል ውስጥ አደረግነው፤ መጋዘኑንም ባዶ አስቀረነው።

አይጡ ግን አልጠፋም፤ ቁጥሩ ነው የቀነሰው። እባቡንም ገድለን ስላላየን ልጄ መሬት ላይ በተቀመጠች ቁጥር ዙሪያዋን በዓይኔ እጠርጋለሁ። ከቧንቧ የቀዳሁትን ውሃ ለብዙ ወራት መጀመሪያ ለዶሮ እሰጥ ነበር። ዶሮዋ ጠጥታ እስክትሄድ፣ ከሄደችም በኋላ ጥቂት እቆያለሁ። አማቴ ደግሞ ሞተሩን አቁመው ከጉድጓዱ በባልዲ ራሳቸው እየሳቡ ይጠጡ ነበር። ልሳብልዎ ስል አይሰጡኝም።

ፋሲካ አልፎ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ በድንገት፣ «ያን ቀን ያልሽውን» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ብሆንም እለው ነበር። ልጅ በእጅ ላይ ሲሞት ያየ ሰው የማይለው የለም። ያሳዘነኝ እሱ አይደለም። በአንድ ቤት እየኖርን ይህን ያህል ከፈራሽኝ፣ የኔም ጥፋት አለበት ማለት ነው። እኔ ዝም ማለት ቁም ነገር ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ መናገር ጀመሩ። ወጥ ላይ ጨው ሲበዛ «በዛ» ይሉኛል፤ ልጅቷን በደንብ ካላለበስኳት ይቆጡኛል። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» እያለ ይስቃል። እኔ ግን ከዚያ ግድግዳ በኋላ የሰው ቁጣ አስፈርቶኝ አያውቅም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ውሃው ጠዋት ጠዋት ቀላ እያለ ሲወርድ ያየሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ምጣዱ ላይ የጣድኩትን እንኳ ሳላወርድ ወጥቼ፣ «እማማ፣ ብረቱ ዝጓል፤ ይምጡና ይዩት» ብዬ ጠራኋቸው።